ከባለሙያው በፊት ሱፐርቫይዘሩ ይሠልጥን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የሶሻል ወርክ (የማኅበራዊ አገልግሎት) ባለሙያዎች ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ትምህርት በተነሣ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «በዓመት ስንት ሰዓት?» የሚል ነው። ፈቃድ የሚያድሰው አካል ሰዓት ይጠይቃል፤ መሥሪያ ቤቱ ሰዓት ይደምራል፤ ባለሙያው ሰርተፍኬቱን ፋይሉ ውስጥ ከትቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። በዚህ ሙያ በማሠልጠንና በሱፐርቪዥን (ባለሙያውን ሥራው ላይ በመምራት፣ በማስተማርና በመደገፍ) ላይ ለምንሠራ ሰዎች ግን ክርክሩ ከጅራቱ የተጀመረ ይመስለናል። ባለሙያው የተማረውን ሥራ ላይ ያውል አያውል የሚወስነው አዳራሽ ውስጥ የቆየበት ሰዓት ሳይሆን ሲመለስ ቢሮ የሚጠብቀው ሱፐርቫይዘር ነው። ሱፐርቫይዘሩ የማያውቀውን ክህሎት ባለሙያውን ማስተማር ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። ስለዚህ ሱፐርቫይዘሩ ይቅደም፤ ካልተቻለ አብረው ይግቡ።

ሰዓት መቁጠር በብዙ ቦታ የተለመደ ነው። የኒው ዮርክ ግዛት በየ3 ዓመቱ 36 ሰዓት ይጠይቃል፤ ካሊፎርኒያ ያንኑ 36 ሰዓት በ2 ዓመት ውስጥ ትፈልጋለች፤ ቴክሳስ ደግሞ በ2 ዓመት 30 ሰዓት። ሦስቱም አንድ ዓይነት ሙያ ነው የሚቆጣጠሩት። እንግሊዝ ውስጥ አሁን ያለው አሠራር ሰዓት አይቆጥርም፤ ባለሙያው በየዓመቱ ቢያንስ 2 የተለያዩ የመማር ማስረጃዎችን ይመዘግባል፣ ከሁለቱ አንዱ ከሙያ ባልደረባው ጋር የተወያየበት መሆን አለበት። ይህ ይሻላል ባዮች ነን። ማስረጃውን በማለቂያው ቀን ዋዜማ ቁጭ ብሎ መፈብረክ እንደሚቻል ግን አይጠፋንም።

የአዳራሽ ሥልጠና ብቻውን የት ላይ እንደሚቆም በጥናት ታይቷል። የሥነ ልቦና ምሁሩ ዊሊያም ሚለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባወጡት ጥናት፣ የሱስ ችግር ላለባቸው ሰዎች የሚሠሩ ባለሙያዎችን በተለያየ መንገድ አሠለጠኑ። አንዳንዶቹ በዎርክሾፕ ብቻ ተለቀቁ፤ ሌሎቹ ከዎርክሾፑ በኋላ በድምፅ በተቀዳ ሥራቸው ላይ አስተያየት ተሰጣቸው፣ ወይም በስልክ በግል ተሠለጠኑ፣ ወይም ሁለቱንም አገኙ። ከዎርክሾፑ በኋላ እንዲህ ያለ ክትትል ያገኙት ብቃታቸው ይበልጥ ጨመረ። ከዚያ በፊት በ2001 የወጣ ሥራቸው ያሳየው ነገር ደግሞ ይበልጥ ያስደነግጣል፤ ሠልጣኞቹ ስለ ራሳቸው ብቃት የሰጡት ግምት የተቀዳው ድምፃቸው ከሚያሳየው እጅግ የበለጠ ነበር። እንግዲህ በሥልጠናው ማብቂያ ላይ የሚሞላው «ሥልጠናው ጠቅሞኛል፤ ከ5 5 እሰጠዋለሁ» የሚል ቅጽ ምን እንደሚለካ አንባቢ ይፍረድ።

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ። ራስን የማጥፋት አደጋን ስለ መለየት ሥልጠና ተሰጠ እንበል። ሠልጣኙ በጽሑፍ ፈተናው ምልክቶቹን አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ተገልጋዩ ፊት ሲቀርብ ግን ምላሱ ይተሳሰራል፤ «መጥፎ መጥፎ ነገር አያስቡም አይደል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው መልሱን ይዞ ነው የመጣው፤ «አይ፣ አላስብም» ከማለት ሌላ መንገድ አልተተወም። ጠያቂው መስማት የማይፈልገው ነገር እንዳለ ተገልጋዩ ወዲያው ይገባዋል። መባል የነበረበት «እርስዎ የደረሰብዎት ዓይነት ነገር ሲደርስበት ራሱን ስለማጥፋት የሚያስብ ሰው አለ። እርስዎስ አስበው ያውቃሉ?» ነው። በግልጽ መጠየቅ ያልነበረ ሐሳብ ያሳድራል የሚለውን ፍርሃት ጥናቶች አልደገፉትም። ይህን ዓረፍተ ነገር ማወቅና ድምፅን ሳይሰብሩ ዐይን እያዩ መናገር ግን ለየቅል ናቸው። ሁለት ሁለት ሆኖ 10 ጊዜ ጮክ ብሎ መናገር ያስፈልጋል፤ መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል፣ አምስተኛው ላይ ይለመዳል። ልምምዱም ተገልጋዩ በሚናገረው ቋንቋ ይሁን። ስላይዱ በአንድ ቋንቋ፣ ውይይቱ በሌላ ቋንቋ፣ የቤት ጉብኝቱ በሦስተኛ ቋንቋ ሲሆን ባለሙያው ትክክለኛውን ቃል እዚያው ተገልጋዩ ፊት መፈለግ ይጀምራል፤ በጭንቀት የተፈለገ ቃል ደግሞ ብዙ ጊዜ የተድበሰበሰው ቃል ነው።

የሚና ልምምድ ሲነሣ ሠልጣኞች ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። እውነት አላቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ በ40 ሰው ፊት ሁለት ደፋሮች ተነሥተው ድራማ የሚሠሩበት፣ ሌላው የሚስቅበት ነገር ነው። የሚጠቅመው በሦስት በሦስት የሚሠራው ነው፦ አንዱ ባለሙያ፣ አንዱ ተገልጋይ፣ አንዱ ተመልካች። 8 ደቂቃ ንግግር፣ 7 ደቂቃ አስተያየት፣ ከዚያ ሚና መቀያየር፤ በ45 ደቂቃ ሦስቱም ይዳረሳሉ። ከ12 እስከ 16 ሠልጣኝ ለሁለት አሠልጣኝ በቂ ነው፣ ከዚያ ካለፈ አሠልጣኙ በየቡድኑ ደርሶ መስማት አይችልም። ልምምዱ የሚበላሸው በተገልጋዩ በኩል ነው። ተገልጋይ የሚሆነው ሰው ወይ እንባውን ያጎርፋል ወይ ባልደረባውን ላለማስቸገር ሁሉን ነገር ሳይጠየቅ ይዘረግፋል። መድኃኒቱ አንዲት ካርድ ናት፤ የሰውየው ሁኔታ በ5 መስመር ይጻፍባትና ከታች «ስለ ገንዘቡ በቀጥታ ካልተጠየቅህ አትናገር» የሚል አንድ የተደበቀ ነገር ይታከልባት። ከባድ ታሪክ የተጫወተ ሰው ሲጨርስ ስሙን ጠርቶ፣ ወንበር ቀይሮ፣ ከሚናው ይውጣ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ በጥቃት ጉዳዮች ላይ ሲዘለል ግን ከሠልጣኞች አንዱ ከሰዓት በኋላ ዝም ብሎ ይቀራል።

ወደ ሱፐርቫይዘሩ እንመለስ። አሿሿሙ የታወቀ ነው። ጎበዝ ባለሙያ ይመረጣል፣ ደብዳቤ ይጻፍለታል፣ በማግሥቱ 10 ሰው ይመራል። ተገልጋይን ማናገር ያውቃል፣ ሌላውን ሰው እንዲያናግር ማስተማር ግን ሌላ ሙያ ነው። ባለሙያዋ ከባድ ኬዝ ይዛ ስትመጣ «ተዪው፣ እኔ እደውልላቸዋለሁ» ይላል። ኬዙ ተፈታ፣ እሷ ግን ምንም አልተማረችም። የሶሻል ወርክ ምሁሩ አልፍሬድ ካዱሺን በ1970ዎቹ የሱፐርቪዥንን ሥራ በሦስት ከፍሎ አስቀምጦታል፦ አስተዳደራዊ፣ ትምህርታዊና ደጋፊ። ሥራ ሲበዛ መጀመሪያ የሚወድቀው ሁልጊዜ መካከለኛው ነው። ሪፖርት የሚጠይቅ አለቃ ከበላይ አለ፣ ያዘነ ባለሙያም ራሱ መጥቶ በር ያንኳኳል፤ «ዛሬ ምን አስተማርክ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

ስለዚህ የሱፐርቫይዘሮች ሥልጠና ራሱን የቻለ ይሁን፣ የባለሙያዎቹ ሥልጠና ቅጂ አይሁን። ሦስት ነገር ቢይዝ ይበቃዋል፦ ሥራን በዐይን መመልከት፣ በተመለከቱት ላይ አስተያየት መስጠት፣ እና የሱፐርቪዥን ሰዓትን መምራት።

ስለ መመልከት ዘርዘር አድርገን እንናገር፤ ከሁሉ የሚፈራውና ከሁሉ የሚያስተምረው እሱ ነው። ለእያንዳንዱ ባለሙያ በዓመት 3 ጊዜ፣ በያንዳንዱ 20 ደቂቃ ያህል መመልከት በቂ ነው። አስቀድሞ አንድ ክህሎት ብቻ ይመረጣል፤ «አጠቃላይ አያያዝሽን አያለሁ» ማለት ምንም አለማየት ነው። የተገልጋዩ ፈቃድ በባለሙያዋ አማካይነት ቀድሞ ይጠየቃል፣ እምቢ ማለቱም አገልግሎቱን እንደማይነካበት ይነገረዋል። ሱፐርቫይዘሩ ከባለሙያዋ ጎን ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ ይቀመጥ፤ ፊት ለፊት ከተቀመጠ ተገልጋዩ አለቃው ማን እንደሆነ ገምቶ አቤቱታውን ወደ እሱ ያዞራል። ማስታወሻው ሁለት ዓምድ ይኑረው፣ በግራ ባለሙያዋ ያለችው ቃል በቃል፣ በቀኝ ተገልጋዩ የመለሰው ወይም ያደረገው። አደጋ ካላየ በቀር አፉን አይክፈት። ይህች የመጨረሻዋ ለቀድሞ ጎበዝ ባለሙያ ከጾም ትከብዳለች።

አስተያየቱ በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በማግሥቱ ይሰጥ። ቀድማ የምትናገረው ባለሙያዋ ናት። ከዚያ ሱፐርቫይዘሩ ከማስታወሻው አንድ መስመር ያነብላታል። እናትየዋን «ልጅዎን ይመታሉ?» ብላ ጠይቃ ነበር እንበል፤ በቀኝ ዓምድ «'ኧረ በጭራሽ' አለች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አነሣች» ይላል። «እዚህ ጋ ምን ለማወቅ ፈልገሽ ነበር?» ይላታል። ፍላጎቷ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ማወቅ ከነበረ ሌላ አጠያየቅ ራሷ ትፈልጋለች፦ «ልጅዎ አልታዘዝ ሲል ቤት ውስጥ ምን ይሆናል? የትናንቱን ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።» ያገኘችውን እዚያው ጮክ ብላ ትናገረዋለች። በዚህ ያበቃል። አንድ ጥሩ የሠራችው ነገር፣ አንድ የምትለውጠው ነገር። ሰባት ስሕተት የተነገረው ሰው አንዱንም አያርምም፤ «ጥሩ ነው፣ በርቺ» የተባለም ምን እንደሚደግም አያውቅም።

የሱፐርቪዥን ሰዓቱን በተመለከተ፣ በሁለት ሳምንት አንዴ 90 ደቂቃ ቢሆን እንዲህ ቢከፋፈል ጥሩ ነው እንላለን፦ 10 ደቂቃ አስቸኳይና አደጋ ያለባቸው ጉዳዮች፣ 20 ደቂቃ አስተዳደራዊ ነገር፣ 45 ደቂቃ አንድ ኬዝ ብቻ በጥልቀት፣ ቀሪው 15 ደቂቃ ስለ ባለሙያው መማርና ለውሳኔዎች መዝገብ። የሚሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ 25 ኬዝ በየተራ ይነበባል፣ ለእያንዳንዱ «ክትትሉ ይቀጥል» ይጻፋል። ለጀማሪ ደግሞ 2 ሳምንት ሩቅ ነው። በእንግሊዝ ከ2012 ጀምሮ ላለው የመጀመሪያ ዓመት መርሐ ግብር የተቀመጠው ልክ ጥሩ መነሻ ይሆናል፦ ለመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት በየሳምንቱ፣ እስከ 6 ወር በየ2 ሳምንቱ፣ ከዚያ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ቢያንስ በየወሩ። ይህን ለመፈጸም አንድ ሱፐርቫይዘር በኛ ግምት ከ6 እስከ 8 ሰው በላይ ሊይዝ አይገባም።

ኬዙ በጥልቀት ሲነሣ ሱፐርቫይዘሩ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ክስተት አለ። ሐሮልድ ሲርልስ የተባለው ሐኪም በ1955 እንዳመለከተው፣ በባለሙያውና በተገልጋዩ መካከል ያለው ነገር በባለሙያውና በሱፐርቫይዘሩ መካከል ይደገማል። ምን ቢሉት «አዎ፣ ግን…» ከሚል ተገልጋይ ጋር የከረመች ባለሙያ ሱፐርቪዥን ላይ ለቀረበላት ሐሳብ ሁሉ «አዎ፣ ግን…» ትላለች። ያልሠለጠነ ሱፐርቫይዘር ይናደዳል፣ የሠለጠነው «እርስዎም ከሰውየው ጋር እንዲህ ነው የሚሰማዎት?» ብሎ ይጠይቃል።

ሱፐርቪዥን በአፍ ብቻ ሲሆን ምን እንደሚያስከትል ለማየት የቪክቶሪያ ክሊምቢዬ ጉዳይ ይበቃል። የ8 ዓመቷ ልጅ በየካቲት 2000 ለንደን ውስጥ በአሳዳጊዎቿ እጅ ተሠቃይታ ሞተች። ሎርድ ላሚንግ የመሩት ምርመራ በ2003 ሪፖርቱን ሲያወጣ ካቀረባቸው ምክሮች አንዱ፣ ሱፐርቫይዘሩ የኬዙን ፋይል በየጊዜው ማንበብ፣ መመርመርና መፈረም አለበት የሚል ነበር። ባለሙያው የሚናገረው ያስታወሰውን ነው፤ የረሳው ግን ፋይሉ ውስጥ ተጽፎ፣ ወይም ከነጭራሹ ሳይጻፍ ቀርቶ ይገኛል።

ፋይል ማንበብ ርካሹ የማስተማሪያ መንገድ ሆኖ ሳለ እንደ ቁጥጥር ብቻ መታየቱ ያሳዝነናል። በየ3 ወሩ ከእያንዳንዱ ባለሙያ 5 ፋይል በዕጣ ማውጣት ይበቃል። ባለሙያው ራሱ ከመረጠ ያማሩትን ነው የሚያመጣው። የሚታየው ጥቂት ነገር ነው፦ ቀን አለ ወይ? ተገልጋዩ ራሱ ያለው ቃል ተጽፏል ወይ? ልጁ ብቻውን ተጠይቋል ወይ? ውሳኔው ከነምክንያቱ፣ ከነወሳኙና ከሚከለስበት ቀን ጋር አለ ወይ? በብዛት የሚገኘው ግድፈት ያዩትንና የፈረዱትን መቀላቀል ነው። «እናትየዋ ለልጇ ግድ የላትም» የሚለው ፍርድ ነው፤ ፍርድ ቤት ቢቀርብ አይቆምም፣ ቀጣዩን ባለሙያም ያሳስታል። «በ3 የጉብኝት ቀጠሮ አልተገኘችም፣ ስልክም አላነሣችም» የሚለው ግን ማስረጃ ነው፣ ምክንያቱ ግድ ማጣት ይሁን የማታ ሥራ ወይም ፍርሃት ገና ይጣራል። እንዲህ ያሉ 4 ዓረፍተ ነገሮችን ከፋይል አውጥቶ፣ ማንነት የሚገልጠውን ሁሉ ሰርዞ በቡድን ማረም ከግማሽ ቀን ንግግር የበለጠ ያስተምራል።

ይህን ሁሉ የሚያፈርስ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ፍርሃት ነው። የሚያስተምረውና የሥራ አፈጻጸም ነጥብ የሚሞላው ሰው አንድ ሲሆን ባለሙያው ስሕተቱን ይደብቃል፣ የተደበቀ ስሕተት ደግሞ አይማሩበትም። ሁለቱን ሚናዎች ለሁለት ሰው ማካፈል የሚችል ቢሮ ያካፍል። የማይችል በመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ይስማማ፦ በልምምድና በምልከታ ላይ የታየ ድክመት ወደ ግል ማኅደር አይገባም፤ በተገልጋይ ላይ አደጋ የሚያመጣ ነገርና የሥነ ምግባር ጥሰት ግን በምንም መልኩ አይደበቅም። ወሰኑ ካልተጻፈ እያንዳንዱ በፈለገው ይተረጉመዋል።

ከዚያ ተራ የሚመስለው የቀን ጉዳይ አለ። 3 ተከታታይ ቀን ማሠልጠን ለበጀትና ለአዳራሽ ኪራይ ይመቻል፣ ለመማር ግን አይመችም። ግማሽ ቀን፣ ከዚያ የ2 ወይም የ3 ሳምንት ሥራ፣ ከዚያ ደግሞ ግማሽ ቀን ይሻላል፤ ሠልጣኙ ለሁለተኛው ዙር ሞክሮ ያልሆነለትን ይዞ ይመጣል። ሠልጣኙ በሌለበት ኬዞቹን ማን እንደሚይዝ ስሙ ተጽፎ ይለጠፍ። ሳይለጠፍ ሲቀር ስልኩ አዳራሹ ውስጥ ይጮኻል፣ ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ባዶ ይሆናል፣ ሲመለስም ክምር ይጠብቀዋል፤ የተማረው ነገር በዚያው የውሃ ሽታ ሆኖ ይቀራል። የዛለ ሰውም አይማርም። ዓለም አቀፉ የሶሻል ወርክ የሥነ ምግባር መግለጫ በ2018 ሲታደስ ባለሙያው በሥራም በግል ሕይወቱም ራሱን መንከባከቡን እንደ ግዴታ አስቀምጦታል። ይህ ግን ለኃላፊዎች ማምለጫ እንዳይሆን፤ 60 ኬዝ ለያዘ ሰው ስለ ጭንቀት አያያዝ ኮርስ መስጠት ቀልድ ነው።

መለካቱስ? የሥልጠና ምዘና ምሁሩ ዶናልድ ኪርክፓትሪክ በ1959 ያቀረባቸው አራቱ ደረጃዎች ይታወቃሉ፦ ሠልጣኙ ወደደው ወይ፣ ዐወቀው ወይ፣ ሥራ ላይ አዋለው ወይ፣ ውጤት መጣ ወይ። አብዛኛው ቢሮ የመጀመሪያውን ለክቶ ይበተናል። ከዚያ አልፎ ለመለካት የሚያስፈልገው ያው የሚና ልምምድ ካርድ ነው፤ ከሥልጠናው በፊት 10 ደቂቃ የሚና ልምምድ በድምፅ ይቀዳል፣ በ3 ወር ተመሳሳይ ክብደት ባለው ሌላ ካርድ ይደገማል፣ ሁለቱን ቅጂዎች የትኛው ቀዳሚ እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይሰማቸዋል። ቅጂው በግል ስልክ አይሁን፤ የሚጠፋበትም ቀን አስቀድሞ ይወሰን።

ሰዓት የግድ ነው ከተባለም ይሁን፣ አከፋፈሉ ይቀየር። 36 ሰዓት ተፈቅዶ ቢሆን ኖሮ 12ቱን ለአዳራሽና ለልምምድ፣ 12ቱን ለቡድን ሱፐርቪዥን፣ 6ቱን ለምልከታና ለአስተያየት፣ 6ቱን ለንባብና ለፋይል ምርመራ እንመድበው ነበር። ሱፐርቫይዘሮችም የራሳቸውን ሰዓት ይቆጥሩ፤ የመሩትን ሱፐርቪዥን በባለሙያው ፈቃድ ቀድተው 15 ደቂቃውን ለሌሎች ሱፐርቫይዘሮች ያሰሙ። እዚያ ላይ ማን ይበልጥ እንደተናገረ በሰዓት መያዝ ብቻውን ትምህርት ነው።

ብቻቸውን የሚሠሩ፣ ሱፐርቫይዘር የሌላቸው ባለሙያዎች አሉ፤ እነሱን ማንም አያስታውሳቸውም። ለነሱ 4 ወይም 5 ሆኖ በወር አንዴ በስልክም ቢሆን መገናኘት ይቻላል፦ አንድ ሰው አንድ ኬዝ በ10 ደቂቃ ያቀርባል፣ ሌሎቹ 10 ደቂቃ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ አቅራቢው ዝም ብሎ ሲሰማ 15 ደቂቃ እርስ በርሳቸው ያስባሉ፣ በመጨረሻም አቅራቢው ከሰማው ውስጥ እስከ ቀጣዩ ስብሰባ የሚሞክረውን አንድ ነገር ይናገራል። ምክር በጥያቄው ሰዓት እንዳይገባ አንድ ሰው ሰዓት ጠባቂ ይሁን። «እንዲህ ብታደርጊስ?» የሚለው ጥያቄ ሳይሆን ምክር ነውና ሰዓት ጠባቂው ያስቁመው። የቀጣዩ ወር ስብሰባም አዲስ ኬዝ ከመቅረቡ በፊት ባለፈው የተሞከረው ነገር ምን ሆነ በሚለው ይከፈታል።

በሶሻል ወርክ ሥልጠናና ሱፐርቪዥን ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች